የእማማ አባይነሽ ጥያቄ

ዋርሶ፣ መስከረም 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ እኅቴ ለወለተሩፋኤል ሐዲስ፤

ስሙን የተጠራሽበት መልአክ ቤታችሁን ይጠብቅልኝ። ጳጉሜን ሦስት ቀን አንቺን አስቤ እዚህ ዋርሶ ዝናቡ ውስጥ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምሁ፤ አላፊ አግዳሚው እብድ መስዬው ነበር። አባባ እንዴት ናቸው? አጎቴ ብቻ ሳይሆኑ ያሳደጉኝ አባቴ ናቸውና ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። አሁንም ከግቢ አይወጡም? ወንድማችን ህሩይስ ከእስር ከወጣ ወዲህ ሰውነቱ ተመለሰለት?

ኢንተርኔቱ ከተዘጋባችሁ ወዲህ ስልኩም ግማሹን ቃል እየበላው ስለሆነ ወረቀት አነሣሁ። ደግሞም የምጠይቅሽ ነገር በስልክ የሚወራ አይደለም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ለቪዲዮ ጌም ንግግር እጽፋለሁ። አባባ «ለጨዋታም ደመወዝ ይከፈላል?» ብለው የሳቁበት ሥራ ነው። ተጫዋቹ በጌሙ ውስጥ አንድ ሰው ሆኖ አገር ላገር ይዞራል። ሰው ሲያገኝ ያ ሰው ያናግረዋል፤ ከታች አራት መልስ ይደረደርለታል፤ የወደደውን መርጦ ይመልሳል። አራቱንም የምጽፈው እኔ ነኝ። አሁን የያዝሁት ክፍል ልጇ ስለተገደለባት አሮጊት ነው። ተጫዋቹ ገዳዩ ነው፤ ደጇ መጥቶ ይቆማል። ምን ይበላት? ሦስት ወር ሙሉ ስጽፍ ስሰርዝ ከረምሁ። አለቃዬ «ሰው የሚናገረው አይመስልም» እያለች ትመልስብኛለች። እስከ ታኅሣሥ ካላስረከብሁ ውሌ አይታደስም፤ ውሌ ካልታደሰ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ያበቃል።

እባክሽ ወለቴ፣ በእኛ አገር የገዳይና የሟች ወገን ታርቀው ደም ሲደርቅ የሚባለውን ቃል ጠይቂልኝ። ገዳይ ምን ይላል? እናት ምን ትመልሳለች? አያ አስናቀው ስንቱን ደም ያደረቁ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ያውቁታል። ቃል በቃል ጽፈሽ ላኪልኝ። ለምን እንደፈለግሽው ግን አትንገሪያቸው፤ ጌም ብትያቸው አይገባቸውም።

ወንድምሽ አምሐ


ጎንደር፣ ማራኪ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአምሐ፤

ደብዳቤህ ከስንት ቀን በኋላ በሰላም ደረሰኝ፤ ላደረሰው አምላክ ምስጋና ይግባው። እኛ ደኅና ነን፣ ይኼ ደኅንነት ከተባለ። እኔ እዚሁ ጽሕፈት ቤቴ የተማሪ መመረቂያ ስተይብ፣ መብራት ሲጠፋ እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ እውላለሁ።

አንተ ግን ምን ዓይነት ሰው ነህ? ሰው አምስት ዓመት ርቆ ቆይቶ የሚልከው ጥያቄ ይኼ ነው? የአዋሳኛችን ልጅ በላቸው በትክል ድንጋይ ገጠር፣ በአያታችን መሬት ድንበር ላይ ተገድሎ ከወደቀ ወዲህ በቤታችን ደም የሚባል ቃል እንደማይነሣ ጠፍቶህ ነው? ህሩይ አራት ዓመት ታስሮ ወጣ፤ ለእነሱ ግን አልበቃም። የበላቸው ወንድም ወንዴ ጎንደር ገበያ በመጣ ቁጥር ሆን ብሎ በደጃችን በኩል ያልፋል። አባባ፣ ያን ሁሉ ዓመት መሪጌታ ሆነው የቆሙበትን ቤተ ክርስቲያን በአጥር ቀዳዳ ይሳለሙታል። አንተ ደግሞ ለመጫወቻ! አይ አምሐ።

እንዲያም ሆኖ አንተ ለምነኸኝ እኔ እምቢ ብዬህ አላውቅም። ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ትክል ድንጋይ ሄድሁ። አያ አስናቀው ቃሉን ስጠይቃቸው ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ከዚያ ነገሩኝ፤ እንዳሉኝ ጽፌዋለሁ። ገዳይ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይንበረከካል፤ ከቄሱ እጅ መስቀሉን ይዞ «ደሙን ያፈሰስሁ እኔ ነኝ፤ ብትገድሉኝም ብትምሩኝም በእጃችሁ ነኝ» ይላል። የሟች እናት ፊታቸውን ያዞራሉ። ደግሞ ይላል፤ ደግመው ያዞራሉ። በሦስተኛው «ለመድኃኔ ዓለም ሰጥቻለሁ» ይላሉ፤ ድንጋዩን ያወርዱለታል። ይኼው ነው። አራት መልስ የለው፣ ምርጫ የለው። «ሁሉም ቃሉን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ግን ሦስተኛው እስኪባል ድረስ ሰው ትንፋሹን ይዞ ነው የሚቆም» አሉኝ።

አሁን ጉዱን ስማ። ለካ በእነሱ ዘንድ የገዳይ ወገን ከሽማግሌ ቃሉን ከጠየቀ ዕርቅ ጠየቀ ማለት ነው! እኔ ከተማ ያደግሁ፣ ምን አውቄ? አያ አስናቀው በማግስቱ ሦስት ሽማግሌ ይዘው የበላቸው እናት፣ እማማ አባይነሽ ቤት ገቡ። እማማ አባይነሽም «ይምጡ» አሉ። አባባ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው አለቀሱ። እንግዲህ እኔ ምን ብዬ ነው «ለአምሐ ጌም ነው የጠየቅሁት» የምላቸው?

እኅትህ ወለተሩፋኤል


ዋርሶ፣ ኅዳር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወለተሩፋኤል፤

ሰላሙን ያብዛላችሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሳምንት አለፈው። ቆሜ አነበብሁት፤ ተቀምጬም ደገምሁት። የዚያን ዕለት ሥራ መሄድ አልቻልሁም።

ወለቴ፣ አስቁሚው። ለአያ አስናቀው እውነቱን ንገሪያቸው፤ የአምሐ ጥፋት ነው በያቸው። ቢስቁብኝም ቢረግሙኝም ግድ የለኝም። ህሩይ አራት ዓመት ታስሯል፤ ያ ይበቃዋል። ስለ ቃሉ ሲነግሩት ምን አለ? አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

ስለ ሥራዬ መናገር አፈርሁ፤ ግን ልንገርሽ። የላክሽልኝን ቃል ጌሙ ውስጥ አስገባሁት። አለቃዬ አነበበችና ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ግን «‹እኔ ነኝ› የሚለውን መልስ አውጣው» አለችኝ። ተጫዋቹ አንዴ «እኔ ነኝ» ካለ ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ሰው ሁሉ በሌላ አፍ ሊያናግረው ነው፤ ያ ሁሉ ንግግር እንደገና ሊጻፍ፣ ተዋንያኑ እንደገና ሊቀረጹ ነው። ጊዜም አቅምም የለም። ስለዚህ አራቱም መልስ አንድ ቦታ እንዲያደርሱ አደረግሁ። ተጫዋቹ የቱንም ቢመርጥ አሮጊቷ ታለቅሳለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ እሱም መንገዱን ይቀጥላል። የመረጠ ይመስለዋል። ውሌ ታደሰልኝ።

አደራሽን፣ አስቁሚው።

አምሐ


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአምሐ፤

ለመጪው ልደት እንኳን አደረሰህ። እኛ ዘንድሮ በዓሉን እንደ በዓል የምንውል አይመስለኝም።

አስቁሚው ትለኛለህ! ምኑን ላስቁም? ቀኑ ተቆርጧል፤ ለየካቲት 27፣ ለመድኃኔ ዓለም፣ ጾሙ ሳይገባ። አባባ ካባቸውን ከሣጥን አስወጥተው ፀሐይ አስመትተውታል። ጸናጽላቸውን አስወልውለውኛል። አምስት ዓመት አጥር ውስጥ የተቀመጠ ሽማግሌ ለከርሞው ጥምቀት ታቦት ፊት ቆሜ አሸበሽባለሁ ብሎ ሲያስብ፣ እኔ ነኝ የማስቆመው? ሞቼ እገኛለሁ።

የሚያስጨንቀኝ ህሩይ ነው። አያ አስናቀው ቃሉን ሊያስጠኑት ሲመጡ «መስቀል ይዤ ይህን አልልም» አለ። ሌላ አንድም ቃል አልጨመረም። ፍርድ ቤት ዳኛው ሲጠይቁት ዝም እንዳለው ያለ ነው። ያኔም አልካደም፣ አላመነም። ሬሳው አጠገብ ጠመንጃውን ይዞ ቆሞ ስላገኙት ነው የተፈረደበት። አባባ ተቆጡት፣ ለመኑት፣ በመጨረሻም እግሩ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ ይዞ አነሣቸውና ወጥቶ ሄደ። አባት ለልጁ እግር ሲያጎነብስ አየሁ፣ አምሐ። ምነው ዓይኔ በጠፋ።

ቃሉን ካላለ ዕርቅ የለም። ዕርቅ ተጠርቶ ከፈረሰ ደግሞ ካልተጠራው የባሰ ነው ይላሉ፤ ወንዴን ከዚያ ወዲያ የሚይዘው የለም። ህሩይን ቢያጣው አባባን ነው የሚያገኛቸው።

አፈር ስሆንልህ፣ እርዳኝ። እናንተ ሁለታችሁ አንድ ማዕድ በልታችሁ ያደጋችሁ ናችሁ፤ የዚያን ሰሞንም እህል ስትጠብቁ አብረኸው ነበርህ። አንተ ለማታውቀው ሰው አፍ ቃል ስትሠራ ትውላለህ፤ ለወንድምህም አንድ ቃል ሥራለት። ሊለው የሚችለውን።

ወለተሩፋኤል


ዋርሶ፣ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እኅቴ፤

የጎንደር ታቦታት ሁሉ በረከታቸው ይድረሳችሁ። ለአባባ ጤና፣ ለህሩይ ብርታት፣ ለአንቺ ትዕግሥት ይስጥልኝ።

ያልሽኝን ሞከርሁ። ሁለት ሳምንት ሠራሁበት። ህሩይ ከእነዚህ የወደደውን ይምረጥ። «ደሙ በቤታችን ላይ ነው፤ ማሩን» ማለት ይችላል። «ለጠፋው ነፍስ አንገቴን ይዤ መጥቻለሁ» ማለትም ይችላል። «ልጅዎን ልመልስልዎ አልችልም፤ እኔን ልጅዎ ያድርጉኝ» ቢል እማማ አባይነሽ የሚራሩ ይመስለኛል። ያም ካልሆነ ምንም ሳይል ድንጋዩን ተሸክሞ ያልቅስ፤ እንባም መልስ ነው። ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፣ አንዱም ሐሰት የለበትም። መስቀል ይዞ ሊላቸው ይችላል።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ብርዱ በርትቶብናል።

አምሐ


ጎንደር፣ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

አምሐ፤

ሰላምታውን ለሌላ ቀን ላቆየው። ሰባት ቀን ቀርቶናል።

የላክሃቸውን ለህሩይ አነበብሁለት። ከእስር ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ባይስቅ ይሻለኝ ነበር። «አምሐ ጎበዝ ጸሐፊ ወጥቶታል» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ለአያ አስናቀውም አነበብሁላቸው። «ሸጋ ነው ልጄ፤ ግን ‹እኔ› የሌለበት ምን ይረባል? ደም እኮ ባለቤት ይፈልጋል» አሉኝ።

ማታ ተመልሼ ወረቀትህን አየሁት። አራቱም ውስጥ ገዳይ የለም። እንደዚያ ጌምህ ነው ያደረግኸው፤ የቱንም ብንመርጥ እዚያው ነን። ደግሞ «አንዱም ሐሰት የለበትም» ብለሃል። ምነው እንዲህ አልህ? ህሩይ «እኔ ነኝ» ቢል ሐሰት ይሆንበታል እንዴ? ምን የምታውቀው ነገር አለ?

ሦስት ጊዜ ደወልሁልህ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። በሞቴ፣ ስልክህን አንሣ።

ወለተሩፋኤል


ጎንደር፣ የካቲት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአምሐ፤

ስልክህን አላነሣህም። የሆነውን ልንገርህ።

መድኃኔ ዓለም ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰበሰብን። እነሱ በወዲያ፣ እኛ በወዲህ፤ መኻሉ ላይ አያ አስናቀውና ቄሱ። ወንዴ ጠመንጃውን ለሽማግሌዎች ካስረከበ በኋላ እንኳ እጁ የሚያርፍበት አጥቶ ነበር። አባባን ደግፌ ቆሜያለሁ። ህሩይ ድንጋዩን ተሸክሞ መጥቶ ተንበረከከ። ቄሱ መስቀሉን ሰጡት፤ ያዘው። አያ አስናቀው «በል ልጄ» አሉት። ዝም። «ደሙን ያፈሰስሁ በል» አሉት። ዝም። ላቡ መሬት ይንጠባጠባል። ከወዲያ በኩል ጉርምርምታ ተነሣ፣ ወንዴ ወደ ፊት ተራመደ። በቃ አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ተዉት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማማ አባይነሽ ናቸው። በቃሉ ውስጥ በዚህ ቦታ እሳቸው የሚሉት ነገር የለም፤ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሳቸው ግን ጠጋ ብለው ህሩይ ፊት ተቀመጡ። «እኔ ‹እኔ ነኝ› ማለትህን አልፈልገውም» አሉት። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ልጄ ሲሞት ምን አለ? የዚያን ዕለት በሬዎቹ ብቻቸውን መጡ፤ ተጠምተው ነበር፣ በእጄ አጠጣኋቸው። እሱ ከኋላ ይመጣል ብዬ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁት። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ አፉን ሳልሰማ ቀረሁ። አንተ ነህ አጠገቡ የነበርኸው። ምን አለ?»

ህሩይ ቀና ብሎ አያቸው። አምሐ፣ ወንድሜ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። አንድ ቃል ግን ከአፉ አልወጣም።

እማማ አባይነሽ ተነሡ። «እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እጠብቃለሁ» አሉ። «የልጄን ቃል ያመጣልኝን እምራለሁ። ያለዚያ ግን ወንዴን ከእንግዲህ እኔ አልይዘውም።»

ቤት ስንገባ ህሩይን በሩን ዘግቼ ያዝሁት። ለመንሁት፣ ደረቱን መታሁት። በመጨረሻ «አልሰማሁም። እኔ ስደርስ ሞቶ ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ ሊጨምርም አያስፈልገውም።

እሱ ሳይደርስ በፊት እዚያ የነበረው ማን እንደሆነ አልጠይቅህም። ባውቀውም አሁን ለመጥላት እንኳ ጊዜ የለኝም። አባባ ጸናጽላቸውን ወደ ሣጥኑ መልሰውታል፤ እህል አልቀምስ ብለዋል። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ብትወድቅም ብትነሣም መልስልኝ። በላቸው ሲሞት ምን አለ?

ወለተሩፋኤል


ዋርሶ፣ መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወለቴ፤

ሰላምታ ለመጻፍ ብቁ አይደለሁም። የየካቲት 20 ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሳምንቱ ነው፤ የ29ኙ ዛሬ መጣ። ስትደውዪ ስልኩ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ስምሽን እያየሁ እስኪዘጋ ጠበቅሁት።

እኔ ነኝ። በላቸውን የገደልሁት እኔ ነኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር። ህሩይ ዲያቆን ስለሆነ ጠመንጃ አይነካም፤ ስለዚህ የአያታችንን ጠመንጃ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። እሱ አውድማው ላይ ነው፣ እኔ ድንበሩ ላይ። በላቸው በሬዎቹን እየነዳ ተሻገረ። ተመለስ አልሁት፤ ሰደበኝ፤ ሰደብሁት። ያን ጊዜ ሌላ ልለው የምችለው ስንት ነገር ነበር! አምስት ዓመት ሙሉ እሱን ነው የምጽፈው፤ ሌላ ምንም ጽፌ አላውቅም። ላስፈራራው ብዬ ተኮስሁ፤ ወደቀ። ህሩይ እየሮጠ መጣ። ሬሳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጠመንጃውን ከእጄ ወሰደና «ሂድ» አለኝ። ለትምህርት ልወጣ ሁለት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። ሂድ አለኝ፣ ሄድሁ፤ እስከ ዋርሶ ድረስ።

አንድም ቀን አልጻፈልኝም፣ አልወቀሰኝም። አራት ዓመት ታሰረልኝ። በአፉ ብቻ አልዋሸልኝም። እኔ ደግሞ ያን አንድ የቀረውን እንኳ በአራት መልስ ሸፍኜ ላስወስድበት ነበር።

የእማማ አባይነሽን ጥያቄ ሳነብ እጄ የለመደውን አደረገ። በላቸው ሲሞት የሚለውን አሥራ አንድ ዓይነት አድርጌ ጻፍሁት። «እናቴን አደራ» ያለበት አለ። «ምሬሃለሁ» ያለበትም አለ፤ እሱን ሳነብ እኔው ራሴ አለቀስሁ። ከአሥራ አንዱ የትኛውንም ብልክልሽ ያምኑሽ ነበር። ሁሉንም ቀደድኋቸው። ሥራዬንም ዛሬ ለቀቅሁ።

በትንሣኤ ማክሰኞ ጎንደር እገባለሁ፤ ቲኬቱን ቆርጫለሁ። ለአያ አስናቀው አምሐ ቃሉን ይጠይቃል በያቸው፤ አሁን ምን ማለት እንደሆነ አውቄ ነው የምጠይቀው። ድንጋዩን ያቆዩልኝ። ወንዴ ሳልጨርስ ቢተኩስብኝም፣ መንግሥት ቢያስረኝም፣ «እኔ ነኝ» ብዬ እጨርሰዋለሁ። አባባን አሁኑኑ ንገሪያቸው፤ ከሌላ ሰው አይስሙት። ህሩይን ይቅር በለኝ ለማለት እዚያው እግሩ ሥር እስክደርስ ልጠብቅ።

ብሞት ወይም መንገድ ላይ ብቀር ግን፣ ይህን ለእማማ አባይነሽ አንብቢላቸው፤ እኔ ሳልጨምር ሳልቀንስ እንደሰማሁት ነው። ልጅዎ እኔን አልረገመኝም። እርስዎንም አልጠራም፤ ጊዜ አልነበረውም። አንገቱን አዙሮ በሬዎቹን አየና በስሜ ጠራኝ። «አምሐ፣ በሬዎቹ ከጧት ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም፤ ወንዝ አውርድልኝ» አለኝ።

እሺ አልሁት። አላወረድኋቸውም።

አምሐ